የስኳር በሽታ ትምህርት፤ ከሐኪም ቤት እስከ መንደር



በዚህች ትንሽ ጽሑፍ አዘውትረን የምንነጋገረው ስለ ውኃ ንጽሕና፥ ስለ መጸዳጃ ቤት፥ ስለ ወባና ከሰው ወደ ሰው ስለሚተላለፉ በሽታዎች ነው። ዛሬ የምናነሣው ግን ከማንም ወደ ማንም የማይተላለፍ፥ ዝንብ የማያመጣው፥ ሆኖም ጥንቃቄ ከጐደለ የሚገድል ሕመም ነው። ይኸውም የስኳር በሽታ ነው።

ይህን ርእስ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቹ በሽታዎች ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶ፥ ሕመምተኛው ድኖ፥ ነገሩ በዚያው ያበቃል። የስኳር በሽታ ግን የዕድሜ ልክ ጓደኛ ነው። ሕመምተኛው በዓመት ውስጥ ከሐኪም ፊት የሚቀርብባቸው ሰዓቶች በጣት የሚቈጠሩ ሲሆኑ፥ የቀሩትን ቀኖችና ሌሊቶች ሁሉ የራሱ ሐኪም ሆኖ ማደር አለበት። መርፌውን የሚወጋ፥ ምግቡን የሚመጥን፥ እግሩን የሚመረምር እርሱ ራሱ ነው። ስለዚህ በዚህ በሽታ ትምህርት የመድኃኒቱ እኩሌታ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ይህንንም ትምህርት ከሐኪም ቤት አውጥቶ ወደ ገጠር ለማድረስ በአገራችንና በሌላው ዓለም ምን እንደ ተሠራ፥ እናንተም መምህራንና የከተማ ነዋሪዎች ምን ልታደርጉ እንደምትችሉ በሚከተለው እናብራራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩. በሽታው ምንድር ነው?

ከምንበላው እንጀራ፥ ቂጣና ንፍሮ የሚገኘው ኀይል በደም ውስጥ በስኳር መልክ ይዘዋወራል። ይህ ስኳር ከደም ወጥቶ ወደ ሥጋችን እንዲገባ በር የሚከፍትለት ኢንሱሊን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ እርሱንም የሚያመነጨው ከጨጓራ በስተኋላ የሚገኘው ቆሽት ነው። ኢንሱሊን ሲጐድል ወይም ሥራውን በሚገባ ሳይሠራ ሲቀር ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ከመጠን ሲያልፍም ውኃን እየሳበ በሽንት ይወጣል። ሕመምተኛው አብዝቶ የሚሸናው፥ አብዝቶም የሚጠማው ስለዚህ ነው። ሥጋው በስኳር መካከል ሆኖ ስለሚራብም የራሱን ጮማና ጡንቻ እያቃጠለ ይከሳል።

የበሽታው ዓይነቶች ብዙ ናቸው። አንደኛው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ሕፃናትንና ወጣቶችን የሚይዝ ሲሆን፥ ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨቱን ስለሚያቆም ያለ ኢንሱሊን መርፌ በሕይወት መኖር አይቻልም። ሁለተኛው ዓይነት በብዛት የሚታየው በጐልማሶች ነው፤ የዘር ውርስ፥ ውፍረትና ያለ እንቅስቃሴ መዋል ያባብሱታል፤ በምግብ ሥርዐት፥ በእግር ጉዞና እንደ ሜትፎርሚን ባሉ እንክብሎች ይረዳል፤ አንዳንድ ጊዜም ኢንሱሊን ያስፈልገዋል። በእርግዝና ጊዜ የሚመጣም አለ።

በአገራችን ግን «ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» የሚል አነጋገር ተለምዷል። ይህ አነጋገር ብዙ ሰው ጐድቷል። በጐንደርና በጂማ ዙሪያ ያሉ ሐኪሞች ከገጠር የሚመጡትን ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸውን ሕመምተኞች መዝግበው ቢመለከቱ፥ ብዙዎቹ ቀጫጭኖች፥ ድኾችና በእርሻ የሚተዳደሩ ወንዶች ሆነው አገኙአቸው። በልጅነት ከደረሰ የምግብ እጥረት ጋር የሚያያዝ የስኳር በሽታ ስለ መኖሩ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ ሲከራከሩ ኖረው፥ በሚያዝያ ወር 2025 የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ ባደረገው ጉባኤ አምስተኛው ዓይነት ብሎ ተቀብሎታል። እንግዲህ ጮማ ቈርጦ የማያውቅ፥ ስኳር በሻይ እንኳ አዘውትሮ የማይቀምስ ገበሬም በዚህ በሽታ ሊያዝ እንደሚችል አንርሳ።

፪. ትምህርት ከመድኃኒት ጋር የተጣመረበት ታሪክ

ከመቶ ዓመት ጥቂት ቀደም ብሎ አንደኛው ዓይነት የያዘው ሕፃን ወላጆቹ እያዩት በወራት ውስጥ ይሞት ነበር። በ1921 በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከባልደረቦቻቸው ጋር ኢንሱሊንን አገኙ፤ በጥር ወር 1922ም ሊዮናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያው ተወጊ ሆነ። ልጁ ለሞት ቀርቦ ሳለ ከዚያ በኋላ ከ13 ዓመት በላይ ኖረ።

ነገር ግን መድኃኒቱ እንደ ተገኘ አንድ ችግር ተከተለ፤ በየቀኑ ማን ይወጋዋል? ማንስ ይመጥነዋል? በአሜሪካ አገር በቦስተን ይሠራ የነበረው ዶክተር ኤሊየት ጆስሊን ከኢንሱሊን በፊት፥ በ1918፥ ለሕመምተኛውና ለሐኪሙ በአንድነት የሚያገለግል መምሪያ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር፤ ቀጥሎም ነርሶችን እያሠለጠነ በየሕመምተኛው ቤት እየሄዱ እንዲያስተምሩ አደረገ። በፖርቱጋልም ዶክተር ኤርኔሽቶ ሮማ በ1926 በሊዝቦን ከተማ ለድኾች የስኳር ሕመምተኞች ማኅበር አቋቋመ፤ ማኅበሩ ለችግረኞች ኢንሱሊን ያድል፥ ከዕደላውም ጋር አጠቃቀሙን ያስተምር ነበር። ከእነዚህ ሰዎች የምንማረው መድኃኒቱ ብቻውን ተሰጥቶ እንደማይበቃ፥ ዕውቀቱም አብሮ መሰጠት እንዳለበት ነው።

፫. የጐንደር አሠራር

ወደ አገራችን ስንመለስ የስኳር ሕመምተኛ ዋና ጠላት ርቀት ነበር። ሕክምናው የሚገኘው በትልልቅ ሆስፒታሎች ብቻ በነበረበት ጊዜ ገበሬው ለአንድ ብልቃጥ ኢንሱሊን ሥራውን ትቶ፥ ስንቁን ይዞ፥ ከዚያም አልጋ ተከራይቶ መዋልና ማደር ነበረበት። በዘርና በአጨዳ ወቅት ይህን ማድረግ ስለማይችል ይቀራል፤ በቀረም ጊዜ መድኃኒቱ ያልቅበታል፤ ያለ ኢንሱሊን የሚቈየውም ለጥቂት ቀኖች ብቻ ነው።

ይህን የተመለከቱት የጐንደር ሐኪሞች፥ ከእነርሱም መካከል ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ፥ በብሪታንያዊው ሐኪም በፕሮፌሰር ኤልድሪድ ፓሪ በ1988 ከተቋቋመው የሐሩር አገሮች የጤናና የትምህርት ድርጅት ጋር በመተባበር ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሌላ መንገድ ቀየሱ። በየገጠሩ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩ ነርሶች ወደ ሆስፒታል መጥተው የስኳር በሽታን፥ የሚጥል በሽታንና የደም ግፊትን አያያዝ ይማራሉ። ከዚያም ወደየጣቢያቸው ተመልሰው ቀን ቈርጠው ሕመምተኞችን ይቀበላሉ፤ መዝገብ ይይዛሉ፤ የጸናባቸውን ብቻ ወደ ሆስፒታል ይልካሉ። የሆስፒታሉ ሐኪም ደግሞ በየጊዜው ወርዶ ይጐበኛቸዋል። በጂማም እንዲሁ ተደረገ።

የዚህ አሠራር ጥበብ ቀላል ነው። ሕመምተኛው ወደ ሐኪሙ ሩቅ አገር ከሚሄድ፥ የሐኪሙ ዕውቀት በነርሷ አማካይነት ወደ ሕመምተኛው ይቀርባል። ሕመምተኞቹም በአንድ ቀን ስለሚገናኙ እርስ በርሳቸው ይማማራሉ፤ አዲስ የታመመው ሰው ዐሥር ዓመት መርፌ እየወጋ ሲያርስ የኖረውን ጐረቤቱን አይቶ ይጽናናል። በነሐሴ ወር 2022 የአፍሪካ የጤና ሚኒስትሮች ሎሜ ላይ በዓለም ጤና ድርጅት የአካባቢ ጉባኤ ተሰብስበው ለከባድ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች የሚሰጠው ሕክምና ወደ ወረዳ ሆስፒታሎች እንዲወርድ ሲስማሙ ይኸው አሳብ ለአህጉሩ ሁሉ ዕቅድ ሆነ።

በእኛም በምዕራብ ጎጃም ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ርቆ በየቀበሌው ለሚኖረው ሕመምተኛ መንገዱ ይኸው ነው። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን አገልግሎት በየቀበሌው ሠራተኞችን አስቀምጧል፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ለተመዘገበ ቤተ ሰብ የሕክምናን ወጪ ያቃልላል። የቀረው ነገር ጐረቤት ጐረቤቱን እንዲያስታውስና ሕመምተኛው ቀጠሮውን እንዲያከብር ማድረግ ነው።

፬. ኢንሱሊንን በማሰሮ ስለ ማቈየት

ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ማቀዝቀዣ ነው። መብራት በሌለበት ቤት ምን ይደረጋል? በብዙ ሞቃት አገሮች ሰዎች የሸክላን ጥበብ ተጠቅመዋል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

አንድ ሰፊ ማሰሮ ይወሰዳል፤ በውስጡ ሌላ አነስ ያለ ማሰሮ ይቀመጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በንጹሕ አሸዋ ይሞላል፤ አሸዋውም ጧትና ማታ በውኃ ይርሳል። ብልቃጡ በደንብ በተዘጋ ፕላስቲክ ተደርጎ በውስጠኛው ማሰሮ ይቀመጣል፤ አፉም በረጠበ ጨርቅ ይሸፈናል። ማሰሮው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር መሆን አለበት። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ የእንስራ ውኃ በሙቀት ቀን ቀዝቅዞ የሚገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ማሰሮ በተለይ ወደ ዓባይ በረሃ ለሚጠጋው ቈላ ይጠቅማል። በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ መትነኑ ይቀንሳል፤ ደግነቱ በዚያ ጊዜ በደጋውና በወይና ደጋው አገሩ ራሱ ቀዝቃዛ ነው።

ማሰሮው እንደ ማቀዝቀዣ እስከ 8 ዲግሪ እንደማያወርድ መታወቅ አለበት። ሆኖም ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅትና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በሰሜን ኬንያ በዳጋሃሌይ የስደተኞች ሰፈር ያለውን ሙቀት መሠረት አድርገው መርምረው በ2021 እንዳስታወቁት፥ ኢንሱሊን በ25 እና በ37 ዲግሪ መካከል ከፍና ዝቅ በሚል ሙቀት አራት ሳምንት ቢቈይ ኀይሉ አይጠፋም። ስለዚህ ማቀዝቀዣ የለኝም ብሎ ኢንሱሊንን መተው ስሕተት ነው። ጥንቃቄው ይህ ነው፤ ከፀሐይና ከምድጃ ማራቅ፥ በረዶ እንዳይሆን መጠበቅ፥ የተከፈተበትን ቀን በብልቃጡ ላይ መጻፍ፥ ከአራት ሳምንት በኋላም መለወጥ። ጥርት ያለ የነበረው ኢንሱሊን ከደፈረሰ ወይም በማናቸውም ዓይነት ላይ ጓል ከታየ መጣል አለበት። ያገለገለውን መርፌ በየሜዳው መጣል ለልጆችና ለከብቶች አደጋ ስለሆነ በጠንካራ ክዳን ባለው ዕቃ አጠራቅሞ ወደ ጤና ጣቢያ መመለስ ይገባል። መንገድ በዝናብ ወይም በጸጥታ ጕድለት ሊዘጋ የሚችልበት ጊዜም ስለሚያጋጥም፥ ብልቃጡ ሳያልቅ አስቀድሞ መውሰድ የጥንቁቅ ሰው ሥራ ነው።

፭. መምህሩ የመጀመሪያው ዘብ

አሁን ደግሞ ለመምህራን በተለይ የሚሆነውን እንናገር። በኢጣልያ አገር በፓርማ አውራጃ ሐኪሞች አንድ የሚያሳዝን ነገር አስተዋሉ። የስኳር በሽታ ይዟቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሆስፒታል ከሚመጡት ሕፃናት ከመቶው 78ቱ ደማቸው በመርዝ ተበክሎ ለሞት ከተቃረቡ በኋላ የሚደርሱ ነበሩ። ስለዚህ ከ1991 ጀምሮ የበሽታውን ምልክቶች የሚያሳይ የግድግዳ ሥዕል በ177 ትምህርት ቤቶች ሰቀሉ፤ ለአካባቢው ሐኪሞችም መመርመሪያ መሣሪያ ሰጡ። ከሁሉም ይልቅ የገለጹት ምልክት መሽናት አቁሞ የነበረ ልጅ እንደ ገና በአልጋው መሽናት መጀመሩን ነበር። በሚቀጥሉት ዓመታት ቍጥሩ ከመቶ ወደ 12 ተኩል ወረደ። ይህን ያደረገው አዲስ መድኃኒት አልነበረም፤ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀትና ያን ወረቀት ያነበቡ መምህራንና ወላጆች ናቸው።

ይህ ነገር ለእኛ እንዴት እንደሚጠቅም በምሳሌ እናሳይ። አንድ የገጠር ልጅ በቡሬ ከተማ ቤት ተከራይቶ ከጓደኞቹ ጋር እየኖረ፥ በየሳምንቱ ስንቁን ከወላጆቹ ቤት እየተሸከመ ይማራል እንበል። በአንድ ወር ውስጥ ልጁ ይከሳል። በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ሦስት ጊዜ ለመውጣት ይጠይቃል፤ በእረፍት ሰዓትም ከቧንቧው አይለይም። መምህሩ ነገሩ ከትምህርት ለመሸሽ መስሎት ቢቈጣው፥ ልጁ አፍሮ ዝም ይላል። ወላጆቹ ሩቅ ስለሆኑ አያዩትም። ጓደኞቹም ስንቁ አነሰ ይላሉ። ከጥቂት ቀኖች በኋላ ሆዱን ያመዋል፤ ያስመልሰዋል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ከአፉም የበሰለ ፍሬ የመሰለ ሽታ ይሸታል፤ በመጨረሻም ይደነዝዛል። በዚህ ጊዜ አንዱ ወባ ነው፥ ሁለተኛው የሆድ ሕመም ነው፥ ሦስተኛው ቡዳ በልቶት ነው ሲሉ ሰዓቱ ያልፋል፤ ልጁም ይሞታል።

ይህን ልጅ ሊያድነው ይችል የነበረው በሁለተኛው ሳምንት «ልጄ፥ ውኃ ይጠማሃል? ሌሊትስ ለሽንት ትነሣለህ?» ብሎ የጠየቀ መምህር ነው። መልሱ አዎን ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ ለነገ አይባልም። ምርመራው ከጣት የሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም ነው፤ ውጤቱም ወዲያው ይታወቃል። ምግብ ሳይበላ በጧት የተለካ ስኳር በዴሲ ሊትር 126 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፥ ወይም ምልክቱ ያለበት ሰው በማናቸውም ሰዓት ተለክቶ 200 እና ከዚያ በላይ ከተገኘ፥ በሽታው አለ ማለት ነው። ወባ አለበት ተብሎ መድኃኒት የተሰጠው ልጅም ጥማትና ሽንት ካበዛ ስኳሩ ይለካለት ዘንድ ከመጠየቅ አንቈጠብ።

ሕመሙ የታወቀለት ተማሪ ደግሞ እንደ ጓደኞቹ ሊማርና ሊጫወት ይችላል። መምህሩ የሚከተሉትን ቢያስታውስ ይበቃል።

ሀ) ለመሽናትና ውኃ ለመጠጣት ሲጠይቅ ይፈቀድለት፤ በሰው ፊትም አይዋረድ።

ለ) መርፌ ወግቶ ምግብ ያሳለፈ ወይም ብዙ የሮጠ ልጅ ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድበት ይችላል። ያልበዋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ይርበዋል፤ ይነጫነጫል ወይም ንግግሩ ይቀላቀልበታል። ወዲያው ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፥ ቀጥሎም ምግብ መስጠት ይገባል። ስለዚህ በመምህራን ክፍል ጥቂት ስኳር ዘወትር ይኑር።

ሐ) ራሱን የሳተ ልጅ በአፉ ምንም አይደረግበት፤ ትን ብሎት ይሞታልና። በጐኑ አስተኝቶ ፈጥኖ ወደ ሕክምና ማድረስ ነው።

፮. በቤትና በመንደር

ለስኳር ሕመምተኛ የተለየ ወጥ አይሠራለትም። የጤፉ፥ የዳጉሳው ወይም የበቈሎው እንጀራ ከሽሮ፥ ከምስርና ከጐመን ጋር ለእርሱም ምግብ ነው፤ የሚለየው መጠኑና ሰዓቱ ነው። የእንጀራው መጠን ይቀነስ፤ ጐመኑና ጥራጥሬው ይብዛ፤ ለስላሳ መጠጥ፥ ስኳርና ማር ይቅሩ። አረቄ ከኢንሱሊን ጋር ሲገናኝ ስኳርን በድንገት ስለሚያወርድና ምልክቱም ስካር ስለሚመስል፥ ብዙ ሰው «ሰክሮ ነው» ተብሎ ተትቶ ይጐዳል።

ስለ ጾም ደግሞ ልብ እንበል። ከጥሉላት መከልከል ለስኳር ሕመምተኛ ጕዳት የለውም። አደጋው ያለው መድኃኒት ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መዋል ላይ ነው። በረመዳን የሚጾም ሰውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው አስቀድሞ ከነርሱ፥ ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኹ ጋር ይመካከር። ጠበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ ነገር ግን ኢንሱሊኑን ይዞ ይሂድ፤ በጠበሉ ቦታም አያቋርጥ። «ኢንሱሊን የጀመረ ሰው ይሞታል» የሚለው ወሬም የመጣው ብዙዎች መርፌውን የሚጀምሩት ከደከሙ በኋላ በመሆኑ ነው፤ የገደላቸው መርፌው አይደለም፤ መዘግየቱ ነው።

እግርም የተለየ ጥበቃ ይፈልጋል። በሽታው ሲቈይ የእግርን ስሜት ያደነዝዛል። በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው እሾኽ ሲወጋው፥ እሳት ዳር ተቀምጦ ሲሞቅም እግሩ ሲቃጠል አይሰማውም። ቍስሉ ሳይታወቅ ይመረቅዛል፤ መጨረሻውም መቈረጥ ይሆናል። ስለዚህ ጫማ ይደረግ፤ ከመደረጉም በፊት ውስጡ በእጅ ይዳሰስ፤ እግር በየማታው ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ይደረቅ፤ ውስጥ እግሩንም ልጅ ወይም ሚስት በብርሃን ትመልከትለት።

ድጋፉ ግን ለቤተ ሰብ ብቻ የሚተው አይደለም። አገራችን ዕድር፥ ማኅበርና ሰንበቴ ያላት አገር ናት። ለቀብር የሚሰበሰበው ሕዝብ ለሕያው ሰው መድኃኒት ቢሰበሰብ ምን ይከለክለዋል? በአንድ ቀበሌ ያሉ ሕመምተኞች በገበያ ቀን ተሰብስበው አንድ ታማኝ ሰው ለሁሉም ኢንሱሊን እንዲያመጣላቸው ቢያደርጉ፥ ዐሥር ሰው የሚያባክነው ቀን ለአንድ ሰው ብቻ ይሆናል፤ የሚጓዘውም በየተራ ነው። ዕድሩ የችግረኛውን የጤና መድን መዋጮ ቢከፍል፥ የአንድ ቤተ ሰብ አባት ከሞት ይተርፋል።

አንባቢዎቻችን፤ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ወረቀቱን አታስቀምጡ። ምልክቶቹን፥ ማለትም ብዙ መሽናት፥ ብዙ መጠማት፥ መክሳትና በአልጋ መሽናትን፥ በትልልቅ ፊደል ጽፋችሁ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ስቀሉ። ፓርማ ላይ ሕፃናትን ለማዳን የረዳው እንዲህ ያለ ወረቀት ነበር፤ ወረቀትና ቀለም ደግሞ በየትምህርት ቤታችን አለ።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

፩) የስኳር ሕመምተኛ አብዝቶ የሚሸናውና የሚጠማው ስለ ምንድር ነው?
፪) በሁለት ማሰሮዎች መካከል ያለው እርጥብ አሸዋ ውስጠኛውን እንዴት ያቀዘቅዘዋል?
፫) ጓደኛችሁ መርፌ ወግቶ ምግብ ሳይበላ ቢንቀጠቀጥና ቢያልበው ምን ታደርጋላችሁ? ራሱን ቢስትስ?
፬) በመንደራችሁ ያለው ዕድር ለስኳር ሕመምተኛ ምን ሊረዳ ይችላል? ከወላጆቻችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ጻፉ።